ለማረሚያ ቤት ግቢ ሐውልትና ሥዕል ማሠራት፦ የጥበቃው ገጽ ይቅደም

ማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ የሚቆም የጥበብ ሥራ ሲበላሽ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሠዓሊው አይደለም፤ የውድድር ጥሪው በተጻፈበት ሳምንት የተሠራ ጥፋት ነው። አሠሪው ለአደባባይ ወይም ለሆስፒታል ተጽፎ የነበረ ሰነድ ያነሳል፣ የተቋሙን ስም ይቀይርና ያወጣዋል። ቀራፂዎች ይወዳደራሉ፣ ኮሚቴው አንዱን ይመርጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ንድፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የጥበቃ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ያኔ ነው። ኃላፊው፣ ሥራው ነውና፣ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ እዚህ ጋ እግር ይረግጣል፣ እዚያ ጋ ስልክ ይደበቃል፣ ይኼኛው ካሜራ ይጋርዳል። ቁመቱ ይቀነሳል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ቦታው ወደ ጥግ ይገፋል። በመጨረሻ የሚቆመው ነገር ቀራፂው ያላሰበው፣ ኃላፊው ያልወደደው፣ ታራሚውም የማያየው ይሆናል።

ይህን ለማስቀረት ከጥሪው በፊት ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ሰነድ መጻፍ በቂ ነው። እኔ «የጥበቃው ገጽ» እለዋለሁ። የሚጽፉት የጥበቃ ኃላፊው፣ የጥገና ክፍል ኃላፊውና ከታራሚዎች ጋር በየቀኑ የሚሠራ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ አብረው ተቀምጠው ነው። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጥሩ ቀራፂ ደግሞ ገደቡን ቀድሞ ሲያውቅ ከገደቡ ውስጥ ሥራ ያወጣል፤ የሚጎዳው ንድፉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ገደብ ነው።

ልፋቱ ለምን እንደሆነ ለሚጠይቅ መልሱ ቀላል ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች አንድ እስረኛ አየሩ ከፈቀደ በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ደጅ ወጥቶ እንዲንቀሳቀስ ይጠይቃሉ። በአንዳንድ ተቋማት ያቺ አንዲት ሰዓት ሙሉ ቀኑ ናት። አንድን ግድግዳ ለ10 ዓመት በየቀኑ የሚያይ ሰው በሌላ የጥበብ ቦታ አይገኝም። ዋርድያዎቹም ያንኑ ግድግዳ ያያሉ፣ አንዳንዶቹም ከታራሚው ለረዘመ ዘመን። ለዚህ ተመልካች «ለማስዋቢያ ያህል» ተብሎ የሚለጠፍ ነገር ንቀት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የተለመደው መንገድ ከሕንፃው ግንባታ በጀት ላይ ትንሽ መቶኛ ለጥበብ መመደብ ነው። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1959 የ1 በመቶ ደንብ አወጣች፤ የዋሽንግተን ግዛት በ1974 በመንግሥት ገንዘብ ለሚሠሩ አዳዲስ ሕንፃዎች ግማሽ በመቶ ደነገገ። የዚህ አካሄድ ትልቁ ጥቅም ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ቀራፂው ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ይገባል፣ መሠረቱና የመብራት መስመሩ አብረው ይነደፋሉ። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የሃልደን እስር ቤት ለጥበብ የራሱ በጀት ነበረው። በመንገድ ሥዕሉ የታወቀው ዶልክ በግቢው ግድግዳ ላይ የሣለው፣ ባለ መስመር ልብስ የለበሰ እስረኛ የእግር ብረቱን ኳስ እንደ አሎሎ ሲወረውር ነው። ሥዕሉ በቀጥታ በግድግዳው ላይ ያለ ነውና የሚወጣበት፣ የሚነቀል፣ ዕቃ የሚሸሸግበት ክፍል የለውም።

አሁን የጥበቃው ገጽ ምን ይዞ መውጣት እንዳለበት። መጀመሪያ እይታ ነው። ከእያንዳንዱ ማማ፣ ከእያንዳንዱ ካሜራ፣ ከእያንዳንዱ የኬላ መስኮት መስመር ይሰመርና ሥራው የማይቆምበት ቦታ ካርታው ላይ ይቀለማል። ግዙፍ አካል ያለው ሐውልት ከኋላው ዕውር ቦታ ይፈጥራል፤ ሁለት ሰው ሊቆምበት የሚችል ዕውር ቦታ ደግሞ ሰው የሚደበደብበት ቦታ ነው። ስለዚህ ወይ ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች ዝቅ ያለ፣ ወይ ቀጭን ሆኖ ከኋላው ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ የሚታይበት፣ ወይ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ሥራ ይመረጣል።

ሁለተኛው መውጣት ነው። ከመሬት እስከ 3 ሜትር ከፍታ ድረስ አግድም የወጣ ጠርዝ፣ እግር የሚያስገባ ቀዳዳ፣ የሚጨበጥ ዘንግ አይኖርም። መለኪያ ለሚፈልግ ሰው ከአጥር ኢንዱስትሪው መማር ይቻላል፦ 358 የሚባለው የማይወጣ የሽቦ አጥር ቀዳዳው 76.2 በ12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጣት እንደ ልብ አይገባበትም። ቀራፂው ክፍት ሥራ ከፈለገ ቀዳዳውን በዚህ ልክ ቢያጠበው ይፈቀድለታል። ጠፍጣፋ አናት ካለ ወደ 45 ዲግሪ ይዘቅዝቅ፤ መቀመጫም፣ መርገጫም፣ ዕቃ ማስቀመጫም አይሆንም። ከአጥሩ ያለው ርቀት ቢያንስ ከሥራው ቁመትና አንድ ሰው ከአናቱ ሊዘል ከሚችለው ድምር ይብለጥ። ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጠው ግን ኃላፊው ነው፣ በጽሑፍም ይስጥ።

ሦስተኛውን ሠዓሊዎች ፈጽሞ አያውቁትም፤ ሊያውቁትም አይችሉም። የአጥር ዳሳሾች አሉ። ንዝረት የሚያዳምጡ ገመዶች፣ በሁለት አጥር መካከል የሚላክ ማይክሮዌቭ። ነፋስ የሚያወዛውዘው፣ የሚሽከረከር፣ የሚንቀጫቀጭ ሐውልት ከእነዚህ አጠገብ ከቆመ ሌሊቱን ሙሉ የሐሰት ደወል ያስጮኻል። በሦስተኛው ሳምንት ጠባቂዎቹ ደወሉን ማመን ያቆማሉ፣ ይህም ከማንኛውም መሰላል የባሰ አደጋ ነው። ካሜራዎቹም ሌሊት በኢንፍራሬድ ነው የሚያዩት። ለዓይን ጥቁር የሚመስሉ አንዳንድ ቀለሞች በኢንፍራሬድ ነጭ ሆነው ይወጣሉና ምስሉን ያደበዝዛሉ። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የእያንዳንዱን ቀለም ናሙና 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ ቀብቶ በተቋሙ ካሜራ ሥር ሌሊት ማየት። እንደ መስታወት የተወለወለ አይዝጌ ብረትም ፀሐይን ማማው ላይ ይወረውራል፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን አንድ ቦታ ያከማቻል። ደብዛዛ አጨራረስ ይጠየቅ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ቢያልቅም፣ ለሐውልት ከሆነ አንድ እርምጃ እንዳይዘለል እለምናለሁ፦ ትክክለኛ ቁመትና ስፋት ያለው ሞዴል ከኮምፔንሳቶና ከጣውላ ተሠርቶ በቦታው ላይ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይቁም። አንድ ሰው ማማው ላይ ይውጣ፣ አንዱ የካሜራው ስክሪን ፊት ይቀመጥ፣ ሌላው ከሞዴሉ ኋላ ይዙር። ከወጣቶቹ የጥበቃ አባላት አንዱ ደግሞ ለመውጣት ይሞክር። ጠንካራ ልጅ በደቂቃ ውስጥ የሚያገኘውን የእግር መርገጫ አሥር መሐንዲስ ንድፍ ላይ አያገኘውም።

ወደ ቁስ ስንመጣ ብረት የራሱ ወጥመድ አለው። ጥበቃው ባዶ የሆነ ነገር ሁሉ እንዲዘጋ ይፈልጋል፤ ቀዳዳ ካለው ቱቦ ውስጥ ምላጭም ሲምካርድም ይገባል። በያጁ ታዲያ ዙሪያውን በብየዳ አሽጎ ወደ ዚንክ መንከሪያ ይልከዋል። መንከሪያው 450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ የቀለጠ ዚንክ ነው፤ የታሸገ ቱቦ ውስጥ ያለ ትንሽ ውሃ ወይም የታመቀ አየር እዚያ ውስጥ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች በንድፉ ላይ ከመጀመሪያ ይቀመጡ፣ ከተነከረ በኋላ በተበየደ ወይም ተመትቶ በሚገባ ድፍን ቡሽ ይዘጉ። አንድ 6 ሚሊ ሜትር የምታክል ማንጠባጠቢያ ብቻ ከሥር፣ ማንም እጁን በማያደርስበት ከመሠረት ሰሌዳው ጠርዝ፣ ትቅር። ያለሷ ውስጡ የሚጠራቀመው ጤዛ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል።

የራሱን ዝገት እንደ ቆዳ የሚለብሰው ብረት፣ ኮርተን የሚባለው፣ ቀራፂዎች ይወዱታል። ለሁለትና ሦስት ክረምት ግን የዝገት ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ያለውን ኮንክሪትም ቡናማ ያደርገዋል። ከሥሩ የጠጠር አልጋ ማድረግ በሌላ ቦታ ጥሩ መላ ነው፤ ማረሚያ ቤት ውስጥ ግን ልቅ ጠጠር የሚወረወር ድንጋይ ነው። ስለዚህ ዝገቱን የሚቀበል ቦይ በኮንክሪቱ ውስጥ ይሠራ፣ ወይም ሌላ ብረት ይመረጥ። አልሙኒየምን በአይዝጌ ብሎን ሲያስሩ በመካከላቸው የናይለን ሮንዴላና እጅጌ ካልገባ እርጥበቱ አልሙኒየሙን ይበላል። አልሙኒየም በሙቀት ብዙ ይለጠጣል፦ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ በ50 ዲግሪ ልዩነት ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የብሎን ቀዳዳው ሞላላ ካልሆነ ሰሌዳው ይጎብጣል፣ ጠርዙ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ የተላቀቀ ጠርዝ ደግሞ ሲያጥፉት ሲያጥፉት ይሰበራል፤ ስብራቱም ስለት ነው።

ማሰሪያው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። መካከሉ ላይ እንብርት ያለው የኮከብ ቪቴ «የማይፈታ» ተብሎ ይሸጣል፤ የሚፈታበት ካቻቪቴም እዚያው ሱቅ ይሸጣል። አንድ ሰው ጊዜ ካለው እንብርቱን ሰብሮ ይፈታዋል፣ ማረሚያ ቤት ውስጥ ደግሞ የማይጠፋው ጊዜ ነው። የተሻለው ሲጠብቅ ስድስት ማዕዘን ራሱ ተቆርጦ የሚወድቅና ለስላሳ ሾጣጣው ብቻ የሚቀር ዳዶ ነው። ከዚያም የሚሻለው ማሰሪያውን ጨርሶ መሰወር ነው፦ የመሠረት ሰሌዳው ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታሰር፣ ከሥሩ የማይኮማተር ግራውት፣ ማለትም ክፍተት የሚሞላ ውህድ፣ ይሞላ፣ በላዩ ኮንክሪት ይፍሰስ። በኋላ ለጥገና መንቀል ከባድ ይሆናል፣ እውነት ነው። ቢሆንም እዚህ ቦታ ላይ የምመርጠው ይህን ነው።

ሞዛይክ ከቀረበ አልቀበልም አይባልም፣ ግን በጥንቃቄ ነው። የሴራሚክ ቁራጭ ከተነቀለ ስለት ነው። ወይ እጅ ከማይደርስበት ከፍታ በላይ ይሁን፣ ወይ ቁራጮቹ ኮንክሪት ማፍሰሻ ፎርማ ውስጥ በፊታቸው ተደርድረው ኮንክሪቱ በላያቸው ይፍሰስ። እንዲህ ሲሆን ፊታቸው ከግድግዳው ጋር እኩል ይሆናል፣ ጥፍር የሚያስገባ ጠርዝ አይተርፍም። ግራውቱ ኤፖክሲ ይሁን፤ የሲሚንቶው ግራውት በማንኪያ እጀታ ይፋቃል።

የግድግዳ ሥዕል ከሁሉ ይልቅ ለግቢው ይስማማል፤ የሚወጣበት፣ የሚነቀል ነገር የለውም። የሚበላሸው በችኮላ ነው። አዲስ ኮንክሪት ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ። ትኩስ ኮንክሪት ከፍተኛ አልካላይ ስላለው አንዳንድ ቀለሞችን ይገድላል፤ ፕሩሲያን ሰማያዊ ለምሳሌ በአልካላይ ይፈርሳል፣ ሰማዩ ቡናማ ይሆናል። ውሃ ከግድግዳው ኋላ ከገባ ነጭ ጨው እየወጣ የአክሪሊክ ቀለሙን ከኋላ ይገፋውና ያነሳዋል፤ የአናቱ መሸፈኛና የዝናብ መውረጃው ሳይጠገን መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። ግድግዳው ቀለም ያልነካው ከሆነ የሲሊኬት ቀለም ይታሰብ። አዶልፍ ቪልሄልም ካይም እ.ኤ.አ. በ1878 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ነው፤ ከልስኑ ጋር ኬሚካላዊ ውህደት ይፈጥራል፣ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ አይላላጥም። በአሮጌ አክሪሊክ ላይ ግን አይይዝምና አሮጌው ቀለም እስከ ልስኑ ድረስ መፋቅ አለበት። ጭረትና ጽሑፍ የሚበዛበት ቦታ ላይ፣ በተለይ ከመሬት እስከ 2 ሜትር፣ ለማደስ ቀላል የሆነ አንድ ወጥ ቀለም ይቀመጥና ዝርዝሩ ከዚያ በላይ ይሣል። አክሪሊክ ላይ ሊታጠብ የሚችል መከላከያ ሽፋን ሊደረብ ይችላል።

ታራሚዎች ራሳቸው የሚሠሩበት መንገድም አለ፣ እኔ ከሁሉ በላይ የማምንበትም እሱ ነው። በፊላደልፊያ የከተማው የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራምና የግሬተርፎርድ እስር ቤት ታራሚዎች ያደረጉት ነው፦ ሥዕሉ በቁራጭ ተከፍሎ ባልተሸመነ ቀጭን የፖሊስተር ጨርቅ ላይ ውስጥ ይሣላል፣ ከዚያ ቁራጮቹ በአክሪሊክ ጄል ውጭ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። የጨርቁ ቁራጭ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ቢሆን በጠረጴዛ ላይ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ተጠቅልሎ በፍተሻ ያልፋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባው ላይ ቁጥር ይጻፍበት፣ የመስመር ንድፉም በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ምን ቀለም እንደሚገባ በቁጥር ይዞ ይምጣ። ሲለጠፍ ግድግዳውም ጨርቁም ጄል ይቀባል፣ ከመሃል ወደ ዳር በላስቲክ መጥረጊያ ይገፋል፤ የተረሳ የአየር ኪስ በመጀመሪያው ፀሐይ አረፋ ሆኖ ይነሳል። ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ፣ ከ10 ዲግሪ በታች፣ አይለጠፍም።

ለዚህ ሥራ የሚገባው ዕቃ ሁሉ በውሃ የሚሠራ ይሁን። ቲነር በምንም ዓይነት አይገባም፣ ይሸተታል፣ ይነዳል። የቀለም ቆርቆሮ ክዳኑ ስለት ስለሆነ ቀለሙ በር ላይ ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ይገለበጥ። ብሩሾች ይቆጠራሉ፣ በእያንዳንዱ ቅርጽ ልክ ጥላው በተሣለበት ሰሌዳ ላይ ይሰቀላሉ፣ አንድ ቢጎድል ማንም አይወጣም። የሚሳተፉት ታራሚዎች ስማቸው ወይም ፊታቸው በሥዕሉ ወይም በፎቶ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ፈቃዳቸው ይጠየቅ፤ ተበዳይ ቤተሰብ ያንን ፊት ውጭ ሲያየው ምን እንደሚሰማውም ይታሰብ። ሥዕሉ ወደ መንገድ የሚያይ ከሆነ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል።

ስለ ይዘት ብዙ አልልም። የተበጠሰ ሰንሰለትና የሚበር ወፍ በየጥሪው ይመጣሉ፤ በየቀኑ ለሚያያቸው ሰው ግን የውጭ ሰው ስለ እሱ የሚያስበውን እንጂ የእሱን ነገር አይነግሩትም። ዝርዝር የበዛበት ሥራ ይበልጥ ያዋጣል፤ ከዓመት በኋላም አዲስ ነገር የሚገኝበት። ቀለምና ቁጥር ላይ የቡድን ምልክት ሊሆን የሚችለውን ከውስጥ ያሉ ሠራተኞች ያውቃሉ፣ ይጠየቁ። የግቢው የራሱ ካርታ ወይም አካባቢውን የሚያሳይ ትክክለኛ መልክዓ ምድር አይሣል። ልጆች ለጥየቃ የሚመጡበት መንገድ ካለ ደግሞ በጀት ሲያንስ ቅድሚያ ለእሱ ይሰጥ፤ በልጅ ዓይን ቁመት፣ ወደ 1 ሜትር ላይ የሚያይ ነገር ይኑረው። አባቱን ለመጠየቅ ሰልፍ ላይ ለቆመ ልጅ ያ ግድግዳ ብቻውን ብዙ ይሠራል።

ውሉ ውስጥ ከተለመደው የሚለዩ ጥቂት አንቀጾች ያስፈልጋሉ። የግቢው ንድፍ፣ የካሜራ ቦታ፣ ፎቶ በምሥጢር ይያዛል፤ ሠዓሊው የሥራውን ፎቶ ለራሱ የሚጠቀምበት መንገድ ደግሞ በተቋሙ ሠራተኛ ተነስቶ የተፈቀደ ፎቶ ነው፣ ይህ ካልተጻፈ በኋላ ጭቅጭቅ ይነሳል። የሠዓሊው ክፍያ ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ መጠባበቂያ ቢያንስ 10 በመቶ ይያዝ። ክፍያው ንድፍ ሲጸድቅ፣ የመሐንዲስ ማረጋገጫ ሲመጣ፣ ሥራው በወርክሾፑ ታይቶ ሲያልቅ፣ ሲተከል እየተባለ ይከፋፈል። በተቋሙ ምክንያት ለሚባክን ቀን፣ ማለትም ግቢው በድንገት ሲዘጋ፣ የቀን ተመን በውሉ ይኑር። ይህ የማይታሰብበት ሠዓሊ ከኪሱ ይከፍላል፣ ሁለተኛም አይመጣም።

የሰዓቱ ሒሳብም ሌላ ነው። ጠዋት የሠራተኛና የመሣሪያ ፍተሻ አለ፣ እኩለ ቀን ላይ የታራሚ ቆጠራ አለ፣ ቆጠራው እስኪጣራ ማንም አይንቀሳቀስም፣ ማታ የመሣሪያ ዝርዝሩ አንድ በአንድ ይመሳከራል። ከ8 የሥራ ሰዓት 5ቱ ከተገኘ ጥሩ ቀን ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የሚሠራው በተቻለ መጠን ትንሽ ይሁን፤ ብየዳው፣ ቀለሙ፣ ቀዳዳው ሁሉ ውጭ ይጠናቀቅ። የሠራተኞቹ የማንነት ማጣራት ሳምንታት ስለሚወስድ ተጠባባቂ በያጅም አብሮ ይመዝገብ፤ ያለዚያ አንዱ ሲታመም ሥራው ይቆማል። ሠራተኞቹ የታራሚውን የደንብ ልብስ የሚመስል ቀለም አይልበሱ።

ከሁሉ በፊት የሚለካው ደግሞ የተሽከርካሪ መግቢያው ነው። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ አይከፈቱም፤ መኪናው በመካከላቸው ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት። በመካከላቸው ያለው ርቀት 12 ሜትር ከሆነ 14 ሜትር ተሳቢ አይገባም፣ ክሬኑም እንዲሁ። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱ በጥበቃው ገጽ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ሐውልቱ በስንት ቁራጭ እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው። ክሬኑ የሚቆምበት መሬት ሥር የዳሳሽ ገመድ ካለ በማሽን አይቆፈርም፣ በእጅ ነው። ታራሚዎች ከግቢው የሚወጡበት ሰዓት ቀድሞ ይያዝ፣ ተቆጣጣሪ ሳይኖር የክሬኑ ክንድ ከአጥሩ በላይ ለደቂቃም አይቁም።

ከተተከለ በኋላ የሚቀረው ፋይል ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚጠፋው እሱ ነው። የቀለሞቹ ኮድና አምራች፣ የብሎኑ ዓይነት፣ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳው ቦታ፣ መከላከያው በምን እንደሚነሳ፣ በዓመት አንዴ በለስላሳ ብሩሽና በገለልተኛ ሳሙና እንደሚታጠብ፣ ሁሉም በአንድ ማኅደር ውስጥ ለጥገና ክፍሉም ለአሠሪውም ይሰጥ። ትርፍ ቀለም ማስቀመጥ ብዙም አይጠቅም፣ ከጊዜ በኋላ ይደርቃል፤ ኮዱና የቀለሙ ናሙና የተቀባበት ሰሌዳ ግን ይቆያሉ። ለጥገና የሚውለውም ገንዘብ በውሉ ቀን በስሙ ይመደብ፣ ምክንያቱም ማረሚያ ቤት በጀቱ ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይኸው መስመር ነው።